ቢሊየነር በ5 ነጥብ፦ ሀብት በልዕለ ጀግኖች የሚና ጨዋታ

በልዕለ ጀግኖች የሚና ጨዋታ ውስጥ የአንድ ገጸ ባሕርይ ሀብት እንደ ጉልበቱ፣ እንደ ፍጥነቱና እንደ ብልሃቱ ሁሉ በአንዲት ወረቀት ላይ በአንዲት መስመር ይሰፍራል። ጨዋታው የሚካሄደው አራት አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የፈጠረውን አንድ ጀግና ይዞ ይቀርባል፤ አንደኛው ደግሞ ጨዋታ መሪ ሆኖ ከተማውን፣ ሕዝቡንና ወንጀለኞቹን ሁሉ ይወክላል። «ከጣሪያው ላይ እዘላለሁ» ያለ ተጫዋች ይሳካለት እንደሆነ የሚወሰነው በመመሪያው መጽሐፍ ሕግና በዳይስ ነው። «ሕንፃውን እገዛዋለሁ» ያለስ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ የጨዋታ ደራሲዎችን ከ40 ዓመት በላይ ሲያመራምር ኖሯል። በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ እንደ ብሩስ ዌይን ያለ የታላቅ ኩባንያ ባለቤትና እንደ ፒተር ፓርከር ያለ የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው ወጣት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሁለቱን የሚጫወቱት ሰዎች ደግሞ በእኩል ሊደሰቱ ነው የመጡት።

የሚና ጨዋታ ታትሞ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1974 ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ባዘጋጁት «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። እዚያ ገንዘብ በሳንቲም ይቆጠራል፤ መዳብ፣ ብርና ወርቅ እየተባለ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ይደመራል፣ ይቀነሳል። በቀድሞዎቹ ሕጎች ከዋሻ የወጣ አንድ የወርቅ ሳንቲም አንድ የልምድ ነጥብ ያስገኝ ስለነበር ሀብት መሰብሰብና ማደግ አንድ ነገር ነበሩ። ሀብት ፍለጋ ከርሠ ምድር ለሚወርድ ጀብደኛ ይህ ፍጹም ተስማሚ ሕግ ነው። የጨዋታው ሞተርም እሱ ነበር ማለት ይቻላል።

ልዕለ ጀግና ግን የባንክ ዘራፊዎችን ካስቆመ በኋላ ከረጢቱን ለባንኩ ይመልሳል። የተሸነፈውን ወንጀለኛ ሰዓትና ቀለበት አያወልቅም። እ.ኤ.አ. በ1977 «ሱፐርሂሮ 2044»፣ በ1979 ደግሞ «ቪላንስ ኤንድ ቪጂላንቲስ» ከታተሙ ወዲህ፣ የዋሻውን ሒሳብ ለካባ ለባሹ ማልበስ እንደማያዋጣ እየታወቀ መጣ። ገንዘቡ በሳንቲም ከተቆጠረ ተጫዋቹ ሳይወድ በግዱ ወደ ሳንቲም ያያል፤ የወንጀለኛው መደበቂያ በተያዘ ቁጥር «ካዝናው ውስጥ ስንት አለ?» ይላል። በዚያች ጥያቄ ጀግናው ጀግና መሆኑ ያበቃል። ባለጸጋ ጀግና የያዘው ተጫዋች ደግሞ ከመቶ ሚሊዮን ዶላር ላይ የታክሲ ሒሳብ ሲቀንስ ማምሸቱ ለማንም ትርጉም አይሰጥም።

የኮሚክ መጻሕፍቱ ራሳቸው መልሱን ቀድመው ይዘውት ነበር። እዚያ የገንዘብ ጉዳይ የሚነሳው ስለ ሰውየው ማንነት የሚናገረው ነገር ሲኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው የ«አሜዚንግ ስፓይደርማን» የመጀመሪያ እትም ፒተር ፓርከር ጭምብሉን እንዳጠለቀ በመድረክ ትርኢት አሳይቶ ገንዘብ ያገኛል፤ ክፍያው ግን በስፓይደርማን ስም የተጻፈ ቼክ ነው። ባንክ ሄዶ ቼኩን ሲያቀርብ ገንዘብ ከፋዩ መታወቂያ ይጠይቀዋል። ልብሱን ማንም ሊለብሰው ስለሚችል ልብሱ መታወቂያ አይሆንም፤ እውነተኛ ስሙን ቢናገር ምስጢሩ ይወጣል፤ ስለዚህ በእጁ የያዘውን ቼክ ሳይመነዝረው ይመለሳል። በዚያው እትም «ፋንታስቲክ ፎር» የተባለው ቡድን ደመወዝ ከፍሎ ይቀጥረው እንደሆነ ሊጠይቅ ሄዶ፣ ቡድኑ ለትርፍ የማይሠራና ደመወዝ የማይከፍል መሆኑ ተነግሮታል። ስለ ስፓይደርማን ኪስ አንባቢው የሚያስታውሰው ይህን እንጂ የቼኩን መጠን አይደለም።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ በክፍያ የሚሠራው ጀግና ሉክ ኬጅ ዶክተር ዱም የሚባለው ንጉሥ ያልከፈለውን 200 ዶላር ለማስመለስ ባሕር ተሻግሮ ላትቬሪያ ወደተባለችው ምናባዊ አገር ይዘልቃል። ለጉዞው የሚወጣው ወጪ ከ200 ዶላር እንደሚበልጥ ማንም ያውቃል። ነገሩ ግን የሠራበትን የሚጠይቅ ሰው ክብር ስለነበር ያ 200 ዶላር ከየትኛውም ቢሊዮን የበለጠ ክብደት አለው። ጥሩ የሀብት ሕግ እንዲህ ያለውን ትዕይንት የሚያስገኝ፣ ቢያንስ የማይከለክል ሕግ ነው።

ደራሲዎቹ ከሄዱባቸው መንገዶች ሥር የሰደደው ሀብትን በነጥብ መሸጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ጆርጅ ማክዶናልድና ስቲቭ ፒተርሰን ያወጡት «ቻምፒዮንስ» ተጫዋቹ የተወሰነ ነጥብ ተሰጥቶት ጀግናውን እንደ ገበያተኛ እየመረጠ የሚገነባበትን ዘዴ አስፋፋ፤ መብረር ይህን ያህል፣ ከብረት የጠነከረ ቆዳ ይህን ያህል። በኋለኞቹ እትሞች ገንዘብም በዚሁ ገበያ ዋጋ ወጣለት፦ ደህና ኑሮ 5 ነጥብ፣ ባለጸጋነት 10፣ ተትረፍርፎ የሚፈስ ሀብት 15። በስድስተኛው እትም አንድ መደበኛ ልዕለ ጀግና በ400 ነጥብ ስለሚሠራ፣ የመጨረሻው የሀብት እርከን ከጠቅላላው 4 በመቶ እንኳ አይሞላም።

«ገርፕስ» የተባለው የስቲቭ ጃክሰን ጨዋታ ከዚህ ይልቅ ይከብዳል። እዚያ አማካይ ኑሮ በዜሮ ነጥብ የሚገኝ ሲሆን፣ እጅግ የናጠጠ ሀብት የሚባለው እርከን በ50 ነጥብ ተገዝቶ የመነሻውን ገንዘብ መቶ እጥፍ ያደርገዋል። ወደታችም ይወርዳል፦ ድሃ መሆን የመነሻውን ገንዘብ ወደ አንድ አምስተኛ ሲያወርደው፣ ተጫዋቹ ግን 15 ነጥብ ተመልሶለት በሌላ ችሎታ ላይ ያውለዋል። አንድ ብልህ ድንጋጌም አለው፦ ቋሚ ኑሮ ያለው ሰው ከመነሻ ሀብቱ 80 በመቶው በቤቱና በኑሮው ላይ እንደዋለ ተቆጥሮ፣ ለጀብዱ ዕቃ የሚተርፈው 20 በመቶው ብቻ ነው። ሀብታም ማለት ጥሬ ገንዘብ ተሸክሞ የሚዞር ሰው አለመሆኑን በአንድ ቁጥር ያሳያል።

ከሁሉም አስገራሚው ዋጋ ያለው ግን በስቲቭ ኬንሰን «ሚውታንትስ ኤንድ ማስተርማይንድስ» ውስጥ ነው። ይህ ጨዋታ መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን፣ በሦስተኛው እትሙ ደረጃ 10 የሆነ ጀግና በ150 ነጥብ ይገነባል። ሀብት በአምስት እርከን ተከፍሏል፤ 1 ነጥብ ደህና ኑሮ፣ 2 ነጥብ ሳይሠሩ መኖር የሚያስችል ጥሪት፣ 3 ነጥብ ሚሊየነርነት፣ 4 ነጥብ የብዙ ሚሊዮን ባለቤትነት፣ 5 ነጥብ ቢሊየነርነት። በዚሁ ጨዋታ አንድ የጉልበት ደረጃ 2 ነጥብ ያወጣል። ስለዚህ ቢሊየነር መሆን ከሦስት ደረጃ ጉልበት ይረክሳል ማለት ነው። በዓለማችን ጥቂቶች ብቻ የደረሱበት ሀብት ለምን ይህን ያህል ረከሰ?

መልሱ አንድ ጀግና በወረቀት ላይ ሲሠራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ተጫዋቹ እንደ ቶኒ ስታርክ ያለ፣ በራሱ ፋብሪካ የብረት ጥሩር ሠርቶ የሚለብስ ጀግና ይፈልጋል እንበል። 5 ነጥብ ከፍሎ ቢሊየነር ሆነ። ቀጥሎ «ገንዘብ ስላለኝ ጥሩሩን ሠራሁት» ሊል ያምረዋል፤ ሕጉ ግን አይፈቅድለትም። ጥሩሩ የሚያበረው፣ የሚተኩሰውና የሚከላከለው ሁሉ ተደምሮ 100 ነጥብ ከመጣ፣ እያንዳንዱ አቅም እንደማንኛውም ኃይል በነጥብ መከፈል አለበት። ቅናሽ የሚያስገኝለት አንድ ምክንያት አለ፦ ጥሩሩ ከሰውየው ሊነጠቅ ስለሚችል ከየአምስቱ ነጥብ አንድ ይቀነስለትና 80 ነጥብ ይሆናል። ከ150ው ላይ 80ውን ለጥሩሩ፣ 5ቱን ለቢሊየነርነቱ ከፍሎ የተረፉትን 65 ነጥቦች በአእምሮው፣ በጤናውና በችሎታው ላይ ያከፋፍላል። ጎኑ የተቀመጠው ባዶ ኪስ ጀግናም ያው 150 ነጥብ አለው። በጎዳና ላይ ውጊያ ሲገጥሙ ሁለቱ አቻ ናቸው፤ ልዩነታቸው የሚታየው ከውጊያው በፊትና በኋላ ነው።

በ«ቻምፒዮንስ» በተጀመረው የጨዋታዎች ቤተሰብ ውስጥ ይኸው ሐሳብ በግልጽ ሰፍሯል። ስለ ተራ መርማሪዎችና ወታደሮች በሚካሄድ ጨዋታ ሽጉጥ በገንዘብ ይገዛል፤ በልዕለ ጀግኖች ጨዋታ ግን ጀግናው ዘወትር የሚታጠቀው መሣሪያ በነጥብ ይከፈላል። የመስኩ ታላቅ ግኝት ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ገንዘብ ኃይል መግዣ መሆኑ ከቀረ በኋላ ርካሽ ቢሆን ማንንም አይጎዳም። አማርኛ «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላል፤ በእነዚህ ጨዋታዎች ግን ገንዘቡ የግል አውሮፕላን ያስገኛል እንጂ በራስ ክንፍ መብረርን አያስገኝም።

ሁለተኛው መንገድ ሀብትን እንደ ጉልበት በደረጃ መለካትና ሲያስፈልግ ዳይስ መጣል ነው። ጄፍ ግራብ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመው «ማርቭል ሱፐር ሂሮስ» የዚህ መንገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሁሉም ነገር ከደካማ፣ ከድሃና ከመደበኛ ተነስቶ ሰው ሊያስበው እስከማይችለው በሚደርሱ ቃላት ይለካል፤ የጀግናው ክንድም የጀግናው ኪስም በዚያው መሰላል ላይ ቦታ አላቸው። በ1986 በወጣው የላቀ እትም፣ ጀግናው አንድ ነገር መግዛት ሲፈልግ የዕቃው ዋጋ ደረጃ ከሀብቱ ደረጃ ጋር ይነጻጸራል። ዋጋው ካነሰ አረንጓዴ፣ እኩል ከሆነ ቢጫ፣ ከበለጠ ቀይ ውጤት ያስፈልጋል፤ ቀለሞቹ የሚነበቡት ከመቶ በሚጣል ዳይስ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ነው።

ሀብቱ መደበኛ የሆነ ጀግና ከአቅሙ በታች የሆነ የካሜራ ሌንስ ሊገዛ ነው እንበል። በሰንጠረዡ መደበኛ ዓምድ ላይ አረንጓዴ የሚጀምረው ከ51 ነው። ተጫዋቹ ዳይሱን ጥሎ 43 ወጣበት፤ አልተሳካም። እዚህ ላይ ጥሩ ጨዋታ መሪ «አልቻልክም» ብሎ አያልፍም። ባለፈው ሳምንት የአክስቱ መድኃኒት ተገዝቷል፤ ወይም አሠሪው ክፍያውን አዘግይቷል። የከሸፈችው ዳይስ የሰውየውን ሕይወት ትከፍታለች። የዚህ ዘዴ ጸጋ ይኸው ነው፤ የባንክ ደብተር ሳይያዝ ጥሩ ሳምንትና መጥፎ ሳምንት ይኖራሉ። ድክመቱም አብሮ አለ፦ ዳይስ ሲያጋጥም ቱጃሩ ለተራ ነገር ሊያጣ፣ ምስኪኑም ባልተጠበቀ ዕድል ውድ ዕቃ ሊገዛ ይችላል። ስለዚህ ከሰውየው አቅም በጣም በታች ለሆነ ነገር ዳይስ አለመጣል የተለመደና ትክክለኛ ልማድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የግሬግ ጎርደን «ዲሲ ሂሮስ» ደግሞ ሁሉንም ነገር በእጥፍ በሚያድግ መለኪያ ሰፈረ። ክብደት፣ ርቀትና ጊዜ አንድ ነጥብ በጨመሩ ቁጥር እጥፍ ይሆናሉ፤ በኋለኛው እትም ሀብትም በዚሁ ሚዛን ተለካ። አሥር እርከን ወደ ላይ 1,024 እጥፍ፣ ሃያ እርከን ከአንድ ሚሊዮን እጥፍ በላይ ነው። ደሞዝተኛው ጋዜጠኛ ክላርክ ኬንትና የዌይን ኩባንያ ወራሽ በአንድ ገጽ ላይ፣ ሁለት አኃዝ በማያልፉ ቁጥሮች ሊሰፍሩ የቻሉት በዚህ ብልሃት ነው። ከ2002ቱ «ዲ ትዌንቲ ሞደርን» የመጣው ሌላ ስልት ደግሞ ሀብትን ቁጥር አድርጎ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ግዢ በተፈጸመ ጊዜ ቁጥሩን ይሸርፈዋል። ተራ ወጪ አይሰማም፤ ትልቅ ወጪ ያማል። ለዘመናዊ ኑሮ የቀረበ ነው፤ ለቢሊየነሮች ግን ብዙም አያስፈልግም።

የትኛውም ሕግ ቢመረጥ በጠረጴዛው ላይ ተመላልሰው የሚመጡ ሦስት ፈተናዎች አሉ። አንደኛው ኃይልን ወደ ገንዘብ መለወጥ ነው። ድንጋይ ወደ ወርቅ የሚለውጥ፣ የነገን የሚያይ ወይም በድምፅ ፍጥነት የሚሠራ ጀግና ለምን ድሃ ይሆናል? ለዚህ የሚሰጠው ምርጥ መልስ ክልከላ አይደለም። ተጫዋቹ ባለጸጋነትን ከፈለገ በነጥብ ይግዛና ወርቁን እንደ ምንጩ ይግለጸው፤ ካልገዛ ደግሞ ለምን እንደማያደርገው ራሱ ይንገረን። ስለ ወርቁ ምንጭ የሚጠይቅ ግብር ሰብሳቢ፣ ገበያው ይረክስብኛል የሚል ነጋዴ፣ ወይም የገዛ ሕሊናው ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ አንዱ ሁልጊዜ ከባዶ ክልከላ የተሻለ ታሪክ ያመጣል።

ሁለተኛው የለጋሱ ጓደኛ ፈተና ነው። 5 ነጥብ የከፈለ አንድ ቢሊየነር ለአምስቱም የቡድኑ አባላት ጥይት የማይበሳው ልብስ፣ መገናኛና መኪና ከገዛ፣ የሌሎቹ ነጥብ ትርጉም ያጣል። «ሚውታንትስ ኤንድ ማስተርማይንድስ» ለዚህ የተራ ዕቃ ነጥብ የሚባል ነገር አዘጋጅቷል፦ አንድ የኃይል ነጥብ አምስት የዕቃ ነጥብ ይሆናል፤ ገመድ፣ መኪናና ዋና ጽሕፈት ቤት በእሱ ይገዛሉ። የቡድኑ አባላትም ነጥባቸውን አዋጥተው አንድ ትልቅ መቀመጫ መሥራት ይችላሉ። በታሪኩ ውስጥ ሕንፃውን የገዛው ቢሊየነሩ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ግን ሁሉም እንደ ዕቁብ አዋጥተውበታል፣ ሁሉም ባለቤቶች ናቸው። ይህ ለተጫዋቾች ወዳጅነት ከሚታየው በላይ ይጠቅማል፤ በሌላው ቤት ደጅ የሚጠና ጀግና መጫወት የሚወድ ሰው ብዙ አይደለም።

ሦስተኛው ፈተና ባለጸጋው ችግርን ሁሉ በቼክ ሊፈታ መሞከሩ ነው። መርማሪ ይቀጥራል፣ ምስክር ይገዛል፣ ጋዜጣውን ይጠቀልላል። እዚህ ላይ የምስጢር ማንነት ጠባቂ ሆኖ ይመጣል። ብሩስ ዌይን አውሮፕላን መግዛት ይችላል፤ ጭምብሉን አጥልቆ ባትማን ሲሆን ግን በዚያ ስም አንዲት ጎማ መግዛት አይችልም፤ ሁለቱ በአንድ ደረሰኝ ላይ የተገናኙ ዕለት ምስጢሩ ያበቃል። የኩባንያ ቦርድ የጠፋውን በጀት ይጠይቃል፤ ሒሳብ መርማሪ ፋይል ይከፍታል፤ ባለጋራው ወራሹን በገንዘብ ሊለውጠው ያግተዋል። ሀብቱ የሹመት ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1966 በኮሚክ የተዋወቀው የምናባዊቷ የዋካንዳ ንጉሥ ትቻላ አንድ አገር ሙሉ ቫይብራኒየም የተባለ ብርቅ ብረት አለው፤ ነገር ግን የሕዝቡ እንጂ የግሉ ስላልሆነ፣ ለኒውዮርክ ውጊያ ባወጣው ቁጥር በአገሩ መልስ ይሰጥበታል። ጨዋታ መሪው እነዚህን ጫናዎች በቅጣት መልክ ሳይሆን በታሪክ መልክ ካቀረባቸው፣ ቢሊየነሩን የያዘው ተጫዋች ራሱ ይፈልጋቸዋል።

ድህነት ደግሞ ለመያዝ የባሰ ያስቸግራል፤ ወይ ይረሳል ወይ ያሰለቻል። በየሳምንቱ ኪራይ ማስላት ተጫዋቹን የእውነቱን ዓለም ጭንቀት እንደገና ማስኖር ነው። «ሚውታንትስ ኤንድ ማስተርማይንድስ» ይህን በእንቅፋት ሕግ ይይዘዋል። ተጫዋቹ ድህነትን የጀግናው እንቅፋት አድርጎ ይጽፋል፤ እንቅፋቱ በጨዋታው መካከል ባስቸገረው ቁጥር አንድ የጀግና ነጥብ ይሰጠዋል፤ ያቺ ነጥብ በኋላ በጭንቅ ሰዓት መጥፎ ዳይስ እንደገና ለመጣል ታገለግላለች። ጀግናው ለአውቶቡስ የሚከፍለው አጥቶ ዘግይቶ ደረሰ፤ በዚያች መዘግየት ያገኛት ነጥብ ማታ ላይ ሕይወቱን ታተርፍለታለች። ለአማርኛ አንባቢ የዚህ ዓይነቱ ጀግና ሩቅ አይደለም፦ ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው የ«ጀምበር» ባለታሪክ አማኑኤል ጥላሁን፣ ኃይሉን ከማግኘቱ በፊት ተመርቆ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። እሱን ወደ ጨዋታ ወረቀት የሚያመጣ ሰው በሀብት መስመር ላይ ቁጥር ከመጻፍ ይልቅ «ሥራ ፈላጊ» ብሎ በእንቅፋት መስመር ላይ ቢጽፍ ይበልጥ ያተርፋል።

ገንዘብን ጨርሶ የተዉ ጨዋታዎችም አሉ። ብሬንደን ኮንዌይ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው «ማስክስ» ስለ ወጣት ጀግኖች ነው። ወረቀቱ ላይ ያሉት መለኪያዎች አደገኛነት፣ እንግዳነት፣ አዳኝነት፣ የበላይነትና ተራነት የሚሉ አምስት ብቻ ናቸው፤ ጀግናው ራሱን የሚያይበት ዓይን በትልልቆቹ ሰዎች ንግግር እየተለወጠ ቁጥሮቹ ከፍ ዝቅ ይላሉ። የኪስ ገንዘብ ቁጥር የለም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጭንቀት እናቱ ምን እንዳለችው ስለሆነ ጉድለቱ አይታወቅም። አንድ ጨዋታ ስለ ምን እንደሆነ ለማወቅ ምን እንደሚቆጥርና ምን እንደማይቆጥር ማየት በቂ ነው።

በመጨረሻ የሚቀረው ጥያቄ ሀብቱ የጠፋ እንደሆነ ምን ይደረጋል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣው የ«ፋንታስቲክ ፎር» ዘጠነኛ እትም ቡድኑ በአክሲዮን ገበያ ከስሮ ንብረቱን ለመሸጥ ይገደዳል፤ ገንዘብ ፍለጋ ወደ ሆሊውድ ሄደው ፊልም እንዲሠሩ የቀጠራቸው የፊልም ኩባንያ ባለቤት የቀድሞ ባለጋራቸው ኔሞር ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለ ክስረት በጠረጴዛው ላይ ሲመጣ ጨዋታ መሪው አስቀድሞ ከተጫዋቹ ጋር መነጋገር ይኖርበታል። ክስረቱ ለአንድ ምዕራፍ ከሆነ እንደ እንቅፋት ይቆጠርና ተጫዋቹ የጀግና ነጥቡን ይቀበላል፤ ምዕራፉ ሲያልቅ ሀብቱ ይመለሳል። የማይመለስ ከሆነ ግን ለቢሊየነርነት የተከፈሉት 5 ነጥቦች ለተጫዋቹ ተመልሰው፣ በመንገድ ላይ የተማረውን አዲስ ችሎታ ወይም በችግር ጊዜ ያፈራውን ወዳጅ ይገዛባቸዋል።